ሁለት ሳጥን ለአባቴ ጆሮ

ረቡዕ ንጋት፣ ናዝሬት

ባቡሩ ሌሊት ያልፋል ተብሎ ነበር። የመጣው ሱብሂ ሰግደን ስንጨርስ ነው። አልከፋኝም፤ በሶላት የተጀመረ መንገድ ግማሹ እንዳለቀ ይቆጠራል። ባለቤቴ ዘንቢሌን በመስኮት አቀበለኝና "ካሴቱን ይዘሻል?" አለኝ። ደረቴን ዳሰስሁ። በመሐረብ ጠቅልዬ ከይለፍ ወረቀቴ ጋር ይዤዋለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። ለይለፍ ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው "ለምን ጉዳይ ነው ድሬዳዋ የምትሄጂው?" ብሎኝ ነበር። "አባቴን ልጠይቅ" አልኩት። እውነት ነው። "ለአባቴ የድምፅ ሳጥን ልገዛ" ብለው ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ቆሜ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የሰፈራችን መስጊድ ሙአዚን፣ የሶላት ጠሪ ነበር፤ በአዛኑ ድምፅ ያደግነው እኛ ብቻ ሳንሆን ሰፈሩ ሁሉ ነው። መዶሻው ቀስ በቀስ ጆሮውን በላው። መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ጠፋበት፤ ወፍ፣ ሕፃን፣ የእኛ የሴቶቹ። በኋላ የራሱንም መስማት ሲያቅተው አዛኑን ተወ። "ራሱን የማይሰማ ሰው ሌላውን አይጠራም" አለ፤ ማንም አልገፋውም።

የበኩር ልጄን ኢድሪስን አዛን ያስተማረው እሱ ነው፣ ልጁ ገና ጥርሱን ሳይነቅል። አሁን ኢድሪስ ደሴ ዘመዶቻችን ዘንድ ሆኖ ይማራል። ድምፁ ጎርንኗል። እዚያ ያሉ ሰዎች አዛን እንዲያሰማ መረጡትና አንድ ነጋዴ አዛኑ የተቀዳበትን ካሴት አመጣልኝ። ኮፒውን ለአባቴ ላክሁ። እህቴ መሪማ መልስ ላከችልኝ፤ "ቴፑ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ሞከረ፣ ምንም። 'ሳልሰማው ሙአዚን አልለውም' ብሎ ካሴቱን መለሰልኝ። ግን ስሚ፣ ጎረቤት ሰርግ ላይ ትልልቅ የእንጨት ስፒከር ቆሞ ከበሮውንና የወንዶቹን ድምፅ ሰምቶ አለቀሰ።"

ስለዚህ ወፍራም ድምፅ አሁንም ይገባዋል ማለት ነው። ይህን ስሰማ ወዲያው ቲኬት ፍለጋ ሄድሁ።

ያው ረቡዕ፣ በባቡር

መተሐራ ላይ ጥቁር ድንጋይ፣ አዋሽ ላይ ድልድይ፣ ሚኤሶ ላይ የግመል ወተት። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ኮንትሮባንድ ነጋዴ ናት፤ አልደበቀችኝም። "ወደ ድሬ ባዶ ዘንቢል፣ ከድሬ ሙሉ ዘንቢል" አለችኝ እየሳቀች። "አንቺስ ምን ልታመጪ ነው?"

"አላመጣም። እዚያው ገዝቼ እዚያው ትቼ ልመለስ ነው።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ድሬ ሄዶ ዕቃ ትቶ የሚመለስ ሰው ዛሬ አየሁ!"

ኤረር ስንደርስ ልጃገረዶች ብርቱካን በሳህን ተሸክመው በመስኮቱ ስር ይሮጣሉ። አንድ ሳህን በአንድ ብር ገዛሁና ከእሷ ጋር ተካፈልን። ሙቀቱ ከዚህ በኋላ እንደ ሰው ይገፋል። ድሬዳዋ ስንገባ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር፤ ጋሪዎቹ በጣቢያው ደጅ ተሰልፈዋል።

አባቴ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀኛል። ጆሮ እንደከዳው ሰው ሁሉ ይጮኻል። "መጣሽ! ባቡሩ ፉጨት የለውም እንዴ ዛሬ? ድሬ እኮ ዝም ብላለች!" ጉልበቱን ስሜ "እንደምን አሉ አባባ?" ስለው መሪማ ከጓዳ ሳቀች። "ናዝሬት አበላሸችሽ! አባባን አንቱ ትያለሽ? ሰምቶሽ ቢሆን ኖሮ 'የማን እንግዳ ናት?' ይል ነበር።" ድሬዳዋ ውስጥ አባትም አንተ ነው። ረስቼው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከዚራ

መሪማ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ወሰደችኝ። ድሮ የሲኒማ ቤት ድምፅ ይጠግን ነበር፤ አሁን ከዚራ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ቪላ ግድግዳ ጋር በተለጠፈች ክፍል ሬዲዮ ይሠራል። የከዚራ ዛፎች ጥላ ራሱ አንድ ሀብት ነው፤ ከደጁ ማዶ አንድ ሽማግሌ ምንጣፍ ዘርግተው ይሸጣሉ።

"ለአባትሽ ከሆነ አዲስ አትፈልጊ" አለኝ። "አዲሱ ፕላስቲክ ነው፤ ይጮኻል እንጂ አይናገርም። የባቡሩ ፈረንጆች ሲሄዱ የተዉት የእንጨት ሳጥን አለ። ከመጻሕፍት መሐል መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡት፣ ይቺን የምታክል።" በክንዱ ለካልኝ። "አው አብዲ ጋ መጋላ ውስጥ ሁለት አይቻለሁ። ግን አይተሽ ግዢ።"

"ምኑን ልይ?"

ጠረጴዛው ላይ ካለ ስፒከር አስተማረኝ። አምስት ጣትሽን ድምፅ በሚያወጣው ክብ ወረቀት ላይ እኩል አሳርፈሽ ቀስ ብለሽ ግፊ፤ ውስጡ ሲፋቅ ከተሰማሽ ሽቦው ተበላሽቷል፣ ጥለሽው ነይ። ዝም ብሎ ከገባና ከወጣ ጤነኛ ነው። ጠርዙ ቢበጣጠስ አትፍሪ፣ ጠርዝ ይሠራል። ቀጥሎ የባትሪ ድንጋይ አነሳና ሁለት ሽቦ አስነካው። ወረቀቱ እመር ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ሽቦዎቹን አቀያየረ፤ ወደ ውስጥ ገባ።

"ይሄ ሕይወት አለው ማለት ነው" አለና ድንጋዩን ሰጠኝ። "ያዥው፤ ይጠቅምሻል።"

ሐሙስ ረፋድ፣ መጋላ

የደቻቱ ወንዝ ደርቋል፤ አሸዋው ላይ ግመሎች ተኝተዋል። ድልድዩን ተሻግረን አው አብዲ ሱቅ ደረስን። አው አብዲ ዕድሜውን ሙሉ በጀልዴሳ በኩል የግመልና የከብት ደላላ ነበር፤ አሁን ሁሉን ነገር ይሸጣል። ሳጥኖቹ እዚያ ናቸው። አንደኛው ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል፣ ሌላኛው ላይ ሚስቱ አዴ ሃሊማ።

"ተነሺ፣ ገዢ መጣ!" አላትና ሳጥኑን እንደ ላም ጎን መታ መታ አደረገው። "እያት! ሥጋዋን እያት! ዋላሂ በድሬ እንዲህ ያለ ዘር የለም።"

"ስንት ወልዳለች?" አለች መሪማ።

ፊት ለፊት ያለውን ጨርቅ ገልጬ አየሁ። ትልቁ ወረቀት ደህና ነው፤ ጠርዙ ግን በሙቀቱ ደርቆ እንደ ሰነበተ ዳቦ በጣቴ ፈረሰ። ቢስሚላህ ብዬ አምስት ጣቴን አሳረፍሁ። ገባ፣ ወጣ፣ ዝም። ሁለተኛውም ዝም። ድንጋዩን አስነካሁ፤ ሁለቱም እመር አሉ። አው አብዲ ጢሙን ያዘ። "ይቺ ሴት ሐኪም ናት እንዴ? ጥርስ የምታይ ገዢ አልወድም።"

"ዋጋው ስንት ነው?"

"ዋጋ በአፍ አይነገርም" አለና ሽርጡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እጁን ከስሩ ሰደደ። የከብት ገበያ ወግ ነው፤ ሻጭና ገዢ በጨርቅ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ይነጋገራሉ፣ የቆመው ሰው አይሰማም። "አሁን እኮ ግድግዳውም ይሰማል" ብሎ ዓይኑን ወደ ቀበሌው በኩል ጣለ።

እኔ የባዕድ ወንድ እጅ አልጨብጥም። ነገርሁት።

አው አብዲ አሰበ። እሱም በአፍ ዋጋ ጠርቶ አያውቅም፤ ክብሩ ነው። እንዲሁ ተፋጠጥን። በመጨረሻ አዴ ሃሊማ "ሐዬ፣ ዞር በሉ" ብላ መሐላችን ተቀመጠች። ቀኝ እጇን ለእኔ፣ ግራ እጇን ለእሱ። ሁለት ጨርቅ ተዘረጋ። እሱ ጣቷን ይጨምቃል፣ እሷ የእኔን ትጨምቃለች፤ እኔ እመልሳለሁ፣ እሷ ታሻግራለች። መሪማ ሳቋን ለማፈን ፊቷን ወደ መንገድ አዞረች።

ሦስተኛው ዙር ላይ አዴ ሃሊማ ጣቴን በቀስታ መለሰችብኝና ሌላ ጣት ያዘችልኝ፤ ዝቅ ያለ ዋጋ የሚናገረውን። ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ድንጋይ ነው።

አው አብዲ ግንባሩን ቋጠረ። "ቆይ ቆይ። ይሄ የሴትዮዋ ጣት ነው ያንቺ?"

"ሠላሳ ዓመት ይዘኸው አታውቀውም?" አለችው።

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ ሽርጡን አራገፈና "ውሰዱ አቦ! ሁለት ሴት መሐል የገባ ደላላ ይከስራል" አለ። የተስማማንበትን አልጽፍም። ጨርቅ ስር የተባለ ጨርቅ ስር ይቀራል። አዴ ሃሊማን ግን እስከ ዛሬ በዱዓዬ አነሳታለሁ።

ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ

ጋሽ ወርቁ የኋላውን ክዳን ፈታ። ውስጡ የነበረው ጥጥ የአይጥ ጎጆ ሆኗል፤ አውጥተን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አዲስ ጥጥ ተካነው። አንድ የደረቀ ኮንደንሰር ነቅሎ ከሞተ ሬዲዮ ባወጣው ለወጠ። ችግሩ ጠርዙ ነው። በወረቀቱና በብረቱ መሐል ያለችው ለስላሳ ቀለበት ናት፤ ወረቀቱን ይዛ እንዲወጣና እንዲገባ የምትለቀው። ቆዳ ሞከረ፣ ከበደ። ሸራ ሞከረ፣ ገተረ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ትርፍ ነጠላ ሻሽ ዘንቢሌ ውስጥ ነበረችኝ፤ ስስ፣ ብዙ የታጠበች። "በሰያፍ ብንቆርጣትስ?" አልኩት። ጨርቅ በቀጥታ ሲቆረጥ ይገትራል፣ በሰያፍ ሲቆረጥ ይለጠጣል። አንዲቱን ቁራጭ ወስዶ በሁለት ጣቱ ሳብ ለቀቅ አደረጋት።

"ሻሽሽን ልታበላሺ ነው?"

"ለአባቴ ነው።"

እኔ ቆረጥሁ፣ እሱ ለጠፈ። ከላይ የብስክሌት ጎማ ማስቲሽ በቤንዚን አቅጥኖ ቀባት፣ አየር እንዳታሳልፍ። የድሬ ፀሐይ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። ዓርብ ከጁምዓ መልስ እንጨቱን በተልባ ዘይት አሸሁት። አቧራው ሲለቅ ደም የመሰለ ቡናማ መልክ ወጣ፤ ማሻአላህ። የአው አብዲ ማንቆርቆሪያ ያቃጠለው ክብ ምልክት ብቻ አንደኛው ሳጥን አናት ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዚራ

የጋሽ ወርቁ ጠረጴዛ ላይ ያለው ማጫወቻ አንድ ስፒከር ብቻ ነው የሚይዘው። በየተራ ሊሞክራቸው ነው። "ካሴት አምጪ" አለኝ። ያለኝ ያው አንዱ ካሴት ነው። ሰጠሁት።

የኢድሪስ አዛን ክፍሏን ሞላት። በመስኮት ወጣ፤ በከዚራ ዛፎች ስር ተንጎማለለ። የእኔ ልጅ! በደስታዬ ሰዓቱን አላሰብሁም። ሁለተኛውን ሳጥን ሞክሮ እንደጨረሰ ማዶ ስመለከት ምንጣፍ ሻጩ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው፣ ከጀበናቸው ውሃ እያፈሰሱ ዉዱእ ያደርጋሉ። የቀትሩ ዙህር ከተሰገደ ቆይቷል፤ የአስር ሶላት ገና ነው።

እየሮጥሁ ወጣሁ። "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ካሴት ነው!"

እግራቸውን ግማሹን አጥበው ቆሙ። "ካሴት?" ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። "እኔ ደግሞ ይሄም በአዋጅ ተቀየረ ብዬ።"

ጋሽ ወርቁ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እኔ ግን ደነገጥሁ። አዛን ያለ ሰዓቱ መጫወቻ አይደለም። ያን ጊዜ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ይህ ካሴት ከአሁን በኋላ በሶላት ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው። ነገ ጠዋት ደግሞ ባቡሬ ነው። የዛሬው አስር ሳጥኖቹን ቤት ሳናደርስ ያልፋል፤ የቀረኝ የጀንበር መጥለቂያው መግሪብ፣ የምሽቱ ኢሻና የነገ ሱብሂ ብቻ ነው። አባቴ ከኢሻ በፊት በጊዜ የሚተኛ ሰው ነው፤ ሐኪም አዞት ቤቱ ሰግዶ ይጋደማል።

ጋሽ ወርቁ ስንለያይ "ከጀርባው ገመድ የሚታሰርበት ሁለት ብሎን አለ፤ ቀለሙ ጠፍቷል" አለኝ። "ከጀርባ ስታዪው ቀይ ገመድ በቀኝ በኩል ነው። በሁለቱም።"

"መልካም ነገር ሁሉ በቀኝ ይጀመራል" አልኩት። አልረሳም።

ቅዳሜ መግሪብ

በጋሪ አመጣናቸው። የሰፈራችን ሰው ስፒከር ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። አንዷ ጎረቤት ጠጋ ብላ "ደግሞ ስብሰባ ነው?" አለችኝ። "የለም፣ የኢድሪስ ድምፅ ነው።" "እሰይ! እግዜር ይስጥሽ!" ብላ ሄደች።

መሪማ ሳጥኖቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች። የማንቆርቆሪያው ምልክት አላማራትም፤ ያንዱን አናት ወደ ታች ገለበጠችው። "አሁን ሙሽራ መሰሉ" አለች። ባሏ ከጂቡቲ ያመጣው ቴፕ ከጀርባው የስፒከር መሰኪያ አለው። ቢስሚላህ ብዬ ቀዩን በቀኝ፣ በሁለቱም አሰርሁ።

አባቴ ከፊታቸው ተቀመጠ። የሰፈሩ መስጊድ እንደጀመረ ካሴቱን ከፈትሁ።

ድምፅ አለ። ግን ምን ሆነ? ከዚራ የሰማሁት ግርማ የለም፤ ቀጥኗል፣ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ልጄ ከግድግዳ ኋላ ሆኖ የሚጣራ ይመስላል። አባቴ ጎንበስ አለ። መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ። "ይንቀጠቀጣል" አለ ጮክ ብሎ። "አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለውም።" እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ልጄ፣ አትዘኚ። ያለቀ ጆሮ ነው። ሳጥኑ ያምራል፤ መሪማ ዕቃ ታስቀምጥበት።"

ሰግዶ ተጋደመ።

እኔ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ቆየሁ። በየተራ ሲጮኹ ጤነኛ ነበሩ፤ አብረው ሲሆኑ ምን ነካቸው? መሪማ ሳህን እያጠበች "ጣውንቶች ናቸዋ" አለችኝ። "ለየብቻ ማር፣ አንድ ቤት ሲገቡ ሬት።"

ልትቀልድ ነው የተናገረችው። እኔ ግን የጋሽ ወርቁ ድንጋይ ትዝ አለኝ። ገመዶቹን ከቴፑ ነቅዬ የመጀመሪያውን ሳጥን ገመድ አስነካሁ፤ ወረቀቱ ወጣ። ሁለተኛውን አስነካሁ፤ ገባ። እንደገና አስነካሁ። አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይገባል። አንዱ የሚሰጠውን ሌላው መልሶ ይወስደዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ መሐላቸው ያልቃል።

ግን እኔ ሁለቱንም በቀኝ ነው ያሰርሁት! ዞሬ ጀርባቸውን አየሁ። የማንቆርቆሪያው ምልክት ከታች ነው። የተገለበጠ ሰው ቀኙ ግራው ነው፤ ሳጥንም እንዲሁ።

"መሪማ፣ ሙሽራሽን በጭንቅላቷ አቁመሻታል!"

ቀና አደረግነው፤ ገመዶቹንም ፈትቼ ቀዩን በእውነተኛው ቀኝ መልሼ አሰርሁ። ሳቅ ይዞን አፋችንን በሻሽ ከደንን፣ አባባ እንዳይነቃ። ከዚያ የማይሰማ ሰው መሆኑ ትዝ ሲለን ይባስ ሳቅን።

እሑድ ሱብሂ

አባቴ ለሱብሂ ሲነሳ ሳጥኖቹ ፊት አስቀመጥሁት። "ደግሞ?" አለ። ለመንሁት። የመስጊዱን አዛን ጠብቄ ካሴቱን ከፈትሁ።

ከመጀመሪያው ቃል ወለሉ ተናገረ። የሻሼ ቁራጭ ወረቀቱን ይዛ ወጣ ገባ ትላለች፤ አየኋት። አባቴ አልጎነበሰም። መዳፉንም አላሳረፈም። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ከኢድሪስ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ኢድሪስ ሲያርፍ ያርፋል፣ ኢድሪስ ሲያስረዝም ያስረዝማል። መሪማ እጄን ያዘችኝ። እንደ አዴ ሃሊማ ጨመቀችኝ።

ድንገት ዓይኑን ገለጠ። "ቁም!" አለ። "ጎደለ!"

በእጄም ጭምር ጠየቅሁት። "ምኑ ጎደለ አባባ?"

"የሱብሂው ቃል! ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል የሚለው የት ሄደ? ሱብሂ እኮ ነው! እንዲህ ነው ያስተማርሁት?"

ለካ ኢድሪስ የቀረጸው ያ ቃል የማይገባበትን የቀትሩን፣ የዙህሩን አዛን ነው። እኔ እናቱ በደስታ ስሰማ አላስተዋልሁም፤ መሪማም አላስተዋለችም። ከሦስታችን ጉድለቱን የሰማው ጆሮው ያለቀው ሰው ነው።

ቴፑን አላቆምሁም። እሱም አላስቆመኝም። ተነሳ። ለዓመታት ያልተነሳችውን እጁን ወደ ጆሮው አነሳ፤ የልጅ ልጁ የዘለለውን ቃል ሁለት ጊዜ፣ ሙሉ አድርጎ፣ በዚያ ባደግንበት ድምፁ ጠራው። በሩ ክፍት ነበር። ማዶ ያሉ መስኮቶች ሲከፈቱ ሰማሁ።

አልሐምዱሊላህ።

ሰግደን ስንጨርስ እያጉረመረመ ወደ እኔ ዞረ። "ለሙአዚኑ ንገሪው። የዙህሩ ደህና ነው። የሱብሂውን ቀርጾ ይላክ።"

"ለማነው የምነግረው አባባ?" አልኩት በእጄም እያሳየሁ፣ ደግሜ እንድሰማው።

"ለሙአዚኑ! ለኢድሪስ! ምን ሆንሽ፣ አትሰሚም እንዴ?"

በባዶ ዘንቢል ባቡር ተሳፈርሁ። ኤረር ላይ ብርቱካን ገዝቼ እየላጥሁ እስከ ናዝሬት ብቻዬን ሳቅሁ።